ኢላማ አንባቢው

በመካነ ሰላም በአንድ የድሮ መጋዘን ጓሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ አበጋዝ አዲስ ገቢዎችን ፍሎበር መተኮስ ያስተምራሉ። ፍሎበሮቹ ሁለት ናቸው፤ በአየር ግፊት የሚሠሩ፣ ትንሽዬ የእርሳስ ጥይት የሚተፉ። ከጂዳ የተመለሰ የከተማችን ልጅ ነው ገዝቶ የሰጠን። የአንደኛው ሰደፍ ተሰንጥቆ በላስቲክ ታስሯል። ክበብ እንበለው እንጂ ያለን ይኸው ነው፤ ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ፣ ላዩ ላይ የሚለጠፍ መሃሉ ጥቁር ክብ ያለበት ወረቀት፣ ደግሞም ጋሽ አበጋዝ።

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ ነበርኩ፣ እስከ ዛሬም ከሁሉም የባስኩ ተኳሽ እኔው ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ጥይት የሚባል አላሳዩኝም። አፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት የምስር ፍሬ አስቀመጡና «ሳትወድቅ ቃታውን ሳብ» አሉኝ። ወደቀች። ደገምኩ፣ ወደቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ቃታ ነው የምትስበው በሬ?» ብለው አሳቁብኝ። ትንፋሽን ማውጣት፣ ትከሻን ማላላት፣ ልብ እስኪረጋ መጠበቅ፤ ትምህርታቸው ይኸው ነው። ችኩል ሰው አይወዱም።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፤ ከእሳቸው በቀር ወደ ወረቀቱ የሚጠጋ የለም። በወታደርነት ዘመናቸው ኢላማ አንባቢ ነበሩ። ተኳሽ የራሱን ወረቀት ካነበበ የሳተውንም መታሁ ይላል ባይ ናቸው። እሳቸው ጆንያው ጋ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «መታ!» ወይም «ሳተ!» ብለው ይጮኻሉ፤ በቃ፣ ይግባኝ የለውም። ክበቡን ሊመርቅ የመጣውን የክብር እንግዳ እንኳን፣ ያ ሁሉ ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ «ሳቱ! ሁሉንም!» ብለው ጉድ አድርገውታል። በዚህ ከተማ የሚናገረው ሁሉ የሚታመንለት ሰው ጥቀስ ብባል እሳቸውን ነበር የምጠቅሰው።

አለምነው ወደ ክበቡ የመጣው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ከወደቀ በኋላ ነው። መምህራኑ ሁሉ «አንተማ ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል» ሲሉት የኖሩ ልጅ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ከቤት መውጣት አቆመ፤ ሲወጣም አንገቱን ደፍቶ ነው። እናቱ የሻለም ባሏ ሞቶባታል። ትልቁ ልጇ ደግሞ ጠመንጃ ከያዙ ሰዎች ጋር ሄዶ ሬሳው እንኳን አልመጣላትም።

ልጁ ምስሯን ሳይጥል ቃታ ሳበ። ጥይት ሲሰጠው ጥቁሯን እምብርቷን አላት። ጋሽ አበጋዝ «መታ!» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበረ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲደርስ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ከሁላችንም ቀድሞ የሚገኘው እሱ ሆነ። አንድ ቀን ሲስቅ አየሁት። እኔ እንዲያውም መሳቅ የማይችል ልጅ ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው ግን መጥፎ ነበር። በዚህም ወገን በዚያም ወገን፣ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ተኩስ የሚችል ልጅ ይፈልጋል። የአለምነው ስም በየሻይ ቤቱ መነሳት ጀመረ። የሻለም ያኔ ጋሽ አበጋዝ ቤት ሄደች። የተባባሉትን በኋላ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

«አያ አበጋዝ፣ ልጄን አትችልም በሉት።»

«ምን ማለትሽ ነው የሻለም? ይችላል እኮ።»

«መቻሉን አውቄ ነው የመጣሁ። ወንድሙንም ጎበዝ ተኳሽ ነው ብለው ነው የወሰዱብኝ። ሳትህ በሉት። ይፈር፣ ይተወው፣ ቤቱ ይቀመጥልኝ።»

«ወላሂ፣ ኢላማ ላይ ዋሽቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ይሄንንም ቅበሩት» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። አልነሳም አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አለምነው ተኮሰ። ጋሽ አበጋዝ ሄደው አዩ። ቆዩ። «ሳተ!» አሉ። ልጁ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት። ደገመ። «ሳተ!» ወረቀቱን ነቅለው በመዳፋቸው ጨመደዱት። በእጃቸው የነበረው፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ጥቁሯ ወንፊት የሆነች ወረቀት ነበረች። ልጁ ልይ አላለም። ሕጉን ያውቃል፣ ሰውየውንም ያምናል።

በተከታዩ ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። አለምነው አተኳኮሱን ይቀያይር ጀመር፤ አንዴ ትከሻውን ያነሳል፣ አንዴ ትንፋሹን ጨርሶ ይይዛል። ቃታውንም በችኮላ ይስብ ጀመር። ከዚያ በኋላ ጋሽ አበጋዝ መዋሸት አላስፈለጋቸውም። ጥይቱ የእውነት ጆንያውን እየሳተ ግድግዳ ይመታ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ። እኔ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እበግናለሁ፤ በማን እንደምበግን ግን አላውቅም። በእሷ እንዳልል፣ አንዱን አጥታ ሌላውን ልታተርፍ የተፍጨረጨረች እናት ናት። በእሳቸው እንዳልል፣ ሰው ደጃቸው መሬት ላይ ተቀምጦባቸዋል።

አለምነው ክበቡን ተወ። ጫካም አልገባም፣ የሻለም የፈለገችው ሆነላት። ቤቷ ግን አልተቀመጠም። በደላላ በኩል፣ በአፋር አድርጎ፣ በባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ከሌሎች ልጆች ጋር ሳይሰናበት ወጣ። ከሎጊያ በሰው ስልክ ደወለላት። እያለቀሰች «ተመለስ» አለችው። እሱ ግን «እማዬ፣ ጋሽ አበጋዝን አመስግኚልኝ። ሁሉም ሲሸነግለኝ ኖሯል። ምንም እንደማልሆን እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» አላት። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

መልእክቱን እንዳለ አደረሰችላቸው። ምን ታድርግ፣ የልጇ አደራ ነው። ጋሽ አበጋዝ «እሺ» ብቻ አሉ።

አብረውት ከወጡት አንዱ ከየመን ደውሎ በሁለት ጀልባ ተከፍለው መሳፈራቸውን ተናገረ፤ የእነ አለምነውን ጀልባ ከዚያ ወዲያ ያየ የለም። ይህን ከተማው ሁሉ ሰምቷል፣ የሻለምም ሰምታለች።

አሁን በየሳምንቱ ሱቄ ትመጣለች። ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «እስቲ እየው፣ ተበላሽቶ ይሆናል» ትለኛለች። በእኔ ስልክ እደውልበታለሁ፤ ይጠራል። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞር ትላለች። ጋሽ አበጋዝ፣ የምትመጣበትን ሰዓት ስለሚያውቁ፣ ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ቀድመው ተቀምጠዋል።

«አያ አበጋዝ፣ እናንተ ንገሩኝ። ይደውላል?»

«አብሽሪ የሻለም፣ ይደውላል» ይላሉ፤ ጥርት ባለ ድምፅ።

ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትወጣለች። የምታምናቸው አይመስለኝም፤ በሳምንቱ ግን መጥታ ይህንኑ ትጠይቃቸዋለች።