የብርድ ልብሱ ጫፍ

ዳላስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ብራንች ከተማ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ያዙኝ። ለእኔ ለአንዲት ሴት ያን ሁሉ ሰው! ባሌ እንኳ ሲያገባኝ ያን ያህል ሚዜ አላሰለፈም። ጥፋቴ፦ ዳላስ ላይ የፍልስጤሙን ጦርነት ለመቃወም በተወጣው ሰልፍ ውሃ ሳድል ፎቶ ተነስቻለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዬም ገና አላለቀም ነበር።

የእስር ቤቱ የሴቶች ክፍል ብርዱ ለጉድ ነው፤ ፔንግዊን ብታስገባበት ጋቢ ትለምናለች። ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ፍልስጤማዊት ራሷን በፎጣ ጠምጥማ ተቀምጣለች። ሻርፗን በር ላይ ወስደውባታል። በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ተግባባን። "ኻልቲ" ትለኛለች፤ በእነሱ ቋንቋ አክስቴ ማለት ነው።

"በጦርነቱ ጊዜ አገሬም ታስሬያለሁ" አለችኝ። "መጀመሪያ የገፈፉኝ ሻርፔን ነው። ወንዶቹ ወታደሮች ቆመው ያያሉ። ዱላውን ረስቼዋለሁ፣ ኻልቲ። ያንን ግን..."

እኔ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማይጠፋኝ ሴትዮ፣ ፎጣዋን ከኋላ አጥብቄ አሰርኩላት።

ጠዋት ለቆጠራ ወንድ ጠባቂ መጣ።

"ፎጣውን አውርጂ!"

"ሴት ጠባቂ ትምጣና አወርዳለሁ።"

"አሁን ታወርጃለሽ፤ አለዚያ ብቻሽን ይዘጋብሻል።"

ፎጣውን በሁለት እጇ ያዘች።

እኛ አገር አውቶብስ ገጠር መሀል ሲቆም፣ ለሽንት የወረደችውን ሴት ሌሎቹ በነጠላ ይጋርዷታል። ማን ናት፣ የማን ዘመድ ናት ብሎ ነገር የለም። እዚህ ነጠላ ከየት ይምጣ? ብርድ ልብሴን ገፍፌ ከፊቷ እንደ መጋረጃ ዘረጋሁ። አንዱ ጫፍ አመለጠኝ። ከዚያ በፊት ቃል ተለዋውጠን የማናውቅ የሆንዱራስ ሴት ብድግ ብላ አነሳችው።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ ጠባቂው።

"ሴት ልጅ እየሸፈንኩ ነው። የቴክሳስ ወንድ ጨዋ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እስቲ ዞር በልላት።"

አንዷ ከኋላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ጣቱን ቀሰረብኝ።

"አንቺ፣ ውጪ!"

የያዝኩትን ጫፍ ለማን ልስጥ ብዬ ስዞር ሌላ እጅ ቀድሞ ይዞታል። በካቴና ሲያስወጣኝ ወደ ኋላ አየሁ። ብርድ ልብሱ እንደተዘረጋ ነው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ጠባቂ ቁልፏን እያንቃጨለች ወደ ክፍሉ አለፈች።

በእሷ ፋንታ እኔ ብቻዬን ተዘጋብኝ።

አሁን ተፈትቼ እዚያው ዳላስ አጠገብ አዲሰን የምትባል ከተማ እኖራለሁ። እሷ የት እንደደረሰች አላውቅም። ታሪኩን ለሰው ባወራሁ ቁጥር የጠባቂው ቁመት ይጨምራል፤ ባለፈው ሰሞን ጣሪያ ነክቷል። የሴቶቹን እጅ ግን እንዳየሁት ነው የማወራው።