ለመስታወት ቤቱ ወፎች የቀረበ ማር

ከደሴ በሌሊት አውቶቡስ ስንነሳ ሦስት ነበርን፤ እኔ ይማም፣ ባለቤቴ ዘይነባና ልጃችን ሐያት። አራተኛዋን ሰው፣ አለቃዬን ሚስ ካሮልን፣ ያገኘኋት አትላንታ በገባን በመንፈቁ ነው። መምጣት ያሰባችሁ ወንድሞቼ፣ እዚህ ሥራ አይናቅም። እኔ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተገኘው ሥራ ግን በአንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ያለ የመስታወት ቤት መጥረግ ነበር። ውጭ ውርጭ ሲሆን ውስጡ የባቲ ሙቀት ነው።

እዚያ ቤት ሃሚንግበርድ የሚሏቸው፣ ከሞቃት አገር የመጡ ሁለት ዓይነት ወፎች ይኖራሉ። የኛ አገር የአበባ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ ትጠጣለች፤ እነዚህ ግን አየር ላይ ቆመው ነው። አንደኛዋ ቡናማ ናት፣ ምንቃሯ እንደ ማጭድ የጎበጠ፤ ከአበባ አበባ እየዞረች ጥቂት ጥቂት ትቀምሳለች፣ ከማንም አትጣላም። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፣ ጅራቱ ዳማ፣ ምንቃሩ ቀጥ ያለ፤ የስኳር ውሃ የሚሞላበትን ጠርሙስ የግሉ አድርጎ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል።

ቅዳሜ ሐያትን ይዣት ስሄድ፣ "እንደ ቡናማዋ ሁኚ፤ አረንጓዴው አከራያችንን ነው የሚመስለው" እላት ነበር።

"አባ፣ እሱ ቢያንስ ሬንት አይጨምርም" አለችኝ።

የዒድ ለት አንድ ነገር ከነከነኝ። በበዓል ቀን ለእንግዳ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማቅረብ በኛ ዘንድ ነውር ነው። እናቴ ከቦረና ወሎ ከላከችልን ማር ቀንሼ በጠበጥኩና ጠርሙሱን ሞላሁት። ለሚስ ካሮል ሽታው ነው የነገራት።

"ሚስተር ይማም፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ንጹሕ ማር ነው። ለእንግዳ ስኳር አይሰጥም።"

"እንግዶች አይደሉም። እዚህ ነው የሚኖሩት።"

"እኔም እዚህ ነው የምኖረው፤ እንግዳነቴ ግን አልቀረም።"

አልሳቀችም። የተበጠበጠ ማር ቶሎ ይሻግታል፣ ሻጋታው ምላሳቸው ላይ ወጥቶ ይገድላቸዋል አለችኝ። ጠርሙሱን ደፍታ በፈላ ውሃ አጠበችው። "ሁለት ቀን ቤትህ ቆይ። አንዱ ከታመመ አትመለስም።"

ቡናማዋ ከአበባዎቿ ስላልራቀች አልነካችውም። የጠጣው ያ ስስታም ብቻ ነበር። ሌላ ሥራ የለኝ፤ በየሶላቱ ለእሱ ጤና መለመን ያዝኩ።

"በልጅህ ፊት ስታማው ከርመህ ዛሬ ዱዓ ታደርግለታለህ?" አለች ዘይነባ።

"የእንጀራችን ጉዳይ ነው።"

"በል እንግዲያው፣ ለአከራያችንም ጨምርለት።"

በሦስተኛው ቀን ስገባ ቡናማዋ ወደ ጠርሙሱ ጠጋ ስትል አረንጓዴው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውሮ አባረራት። የሰው ጥጋብ ሳወግዝ የኖርኩ ሰው፣ የወፍ ጥጋብ አይቼ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሚስ ካሮል "መጥረጊያህን ያዝ" አለችኝ።

እሑድ ለእናቴ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። "እማ፣ ማርሽን ወፍ ጠጣው።"

"ምን ዓይነት ወፍ?"

"ትንሽ፣ አረንጓዴ።"

"እሷማ እኛም ደጅ አለች። ወይ ልጄ፣ እዚያም ተከትላችሁ ሄደች?"

እሷ አይደለችም፣ ማርም አይስማማትም ብዬ ሳላስረዳ የስልክ ካርዱ አለቀ።

ያ ማር ሁላችንንም ያስወጣን ሲደመር ይኸው፤ እኔን የሁለት ቀን ደሞዝ፣ ሚስ ካሮልን የሁለት ቀን ጠረጋ፣ ዘይነባን ግማሽ ጣሳ ማር፣ እናቴን ደግሞ ሌላ ሙሉ ጣሳ፤ "ለወፊቱ ነው፣ እናንተ እንዳትነኩት" ብላ የላከችውን።