ካሳነሽ የምትባል ልጅ የለችም

ሰው ሁሉ ስለ ስደቱ ሲጽፍ ሌሊት ወጣሁ፣ ሌሊት ተለየሁ ይላል። የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። አባቴ ደብረ ሲና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። የዚያን ዕለት ተረኛ ስለነበረ በሩን ጥሎ መናኸሪያ ድረስ ሊሸኘኝ አልቻለም። እኔው ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ልሰናበተው በሩ ድረስ ሄድኩ። ልጆቹ በአጠገባችን እየተንጋጉ ይወጣሉ፣ እሱ እኔን አቅፎ እንኳ «ማስረሻ፣ ዳር ዳሩን ሂድ፤ ስንታየሁ፣ እህትሽን ያዢያት» ይላል። ተናደድኩ፤ ለዘላለም ልሄድ አይደል እንዴ።

አባቴ በስም ላይ የራሱ እውቀት አለው። ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሞ የስንቱን ልጅ ስም ጠርቷል መሰላችሁ። «ስሙን ንገሪኝና የቤቱን ወሬ ልንገርሽ» ይላል። ስንታየሁ ከተባለች እናቷ ብዙ አይታለች። ምትኩ ከተባለ ከፊቱ የሞተ አለ። ዘመቻ ከተባለ አባቱ ያኔ ጦር ሜዳ ነበር። ከአዲስ አበባ የተዛወረ አስተማሪ መጥቶ የልጄ ስም ናሆም ነው ሲለው ደግሞ በትሕትና ራሱን ይነቀንቅና ለእኔ ሲነግረኝ «ይህ የከተማ ስም ነው፣ ስለ ቤቱ ምንም አይናገርም» ይላል።

ወንድሜ ጌታቸው በኩላሊት ከሞተ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለአባቴ ያለው አንድ ወንድ ልጅ እሱ ነበር። እኔ ዲቪ ሲደርሰኝ ዘመድ አዝማዱ ስልክ ላኪልኝ፣ ጫማ ላኪልኝ ሲል፣ አባቴ በሩ ላይ ቆመን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የመጀመሪያ ልጅሽን ስም እኔ ላውጣለት። ወንድ ይሁን ሴት። ሌላ አላስቸግርሽም።»

«ይሄማ ምን ችግር አለው አባባ፣ ያንተ ነው» አልኩ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነው። ባጃጁ ጥሩምባውን ሲያስጮህብኝ ሮጥኩ።

እዚህ እንደደረስኩ መጀመሪያ ሪቨርዴል ፓርክ በሚባል ሰፈር የአክስቴ ልጅ ሶፋ ላይ ሰባት ወር ተኛሁ። የደብረ ሲና ጉም ያሳደገኝ ነኝ፣ ብርድ እኔን ምን ያደርገኛል ብዬ ስኩራራ መጥቼ፣ በመጀመሪያው ጥር አውቶቡስ ስጠብቅ አለቀስኩ። እንጀራው አለ፣ በርበሬው አለ፣ ሽሮው በየሱቁ ነው፤ የጠፋብኝ ሰላምታው ነው። ጎረቤታችን ሊፍት ውስጥ «ሃው አር ዩ» ብላ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትሰማ ወረደች። እኔ ጉንፋኔን ልነግራት አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ ብሩክን አገባሁና ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ገባን። ብሩክ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ ደግ ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞችም አገኘሁ። እዚህ ስትኖሩ የምታውቁት አንድ ነገር አለ፤ የሰውን ኑሮ በልጁ ስም ታውቁታላችሁ። ጀርመንታውን ቤት ገዝተው የሄዱት ልጆቻቸው ሊያም ናቸው፣ ሚያ ናቸው፣ ኢታን ናቸው። የእኛ የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ደግሞ መንፈሳዊ የሚመስል፣ ፈረንጅም የማይቸገርበት ስም እንፈልጋለን፦ ሶልያና፣ ናታኒያ፣ ኤልያና። የሰንበት ትምህርት ቤቷ መምህርት «ኤልያና» ብላ ስትጠራ አራት ራስ ይዞራል።

እርግዝናዬ ስድስት ወር ሲሞላው አባቴ ስሙን ነገረኝ። ሴት መሆኗን ነግሬው ነበር። ሲያስብበት ቆይቷል መሰለኝ፣ ድምፁ እንደ ማፈር አለ።

«ካሳነሽ ብያታለሁ» አለኝ። «ለጌታቸው።»

«እሺ አባባ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት፣ አንድ ሁለት ሦስት ጊዜ። አንዲት ነጠላዋን አጣፍታ ዕድር የምትሰበስብ ሴትዮ መጣችብኝ። ሕፃን አልመጣችልኝም።

ጓደኞቼ ከመውለዴ በፊት ቤቢ ሻወር ደገሱልኝ። ሄለን የምትባለው ጓደኛችን፣ ነገር የማያመልጣት፣ ኬክ እየቆረሰች «እኔ የምልሽ፣ ስም መረጣችሁ?» አለችኝ።

እዚያ ላይ ነው እንግዲህ። አባቴ አውጥቶላታል ማለት ሲገባኝ፣ «ገና ነው። አንዲት የሥራ ቦታ የማውቃት ልጅ ግን ልጇን ካሳነሽ ልትላት ነው አሉ» አልኩ። ልሞክራቸው ነው እኮ።

«ካሳነሽ?» አለች ሄለን። «ሕፃን ናት ወይስ ጡረታ ወጥታ ነው የምትወለደው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ «ቲቸሯ ስትጠራት ምላሷ ይታጠፋል» አለች። ሌላዋ «ኬሲ ይሏታል፣ አይዟት» አለች። እንዲያው ክፋት የለባቸውም፣ ጨዋታ ነው። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት ግን እኔ ነኝ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ልጅቷ ውስጤ ሆና ስትንቀሳቀስ ትዝ ይለኛል።

ሆስፒታል ወልጄ በማግሥቱ አንዲት ሴትዮ የልደት ወረቀት ልትሞላ ኮምፒውተሯን እየገፋች መጣች። ደክሞኛል፣ ብሩክ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

«የልጅቷ ላስት ኔም?» አለችኝ።

«ብሩክ።»

«የአባትየው ላስት ኔም ግን ኃይሉ ነው የሚለው።»

«ኃይሉ የእሱ አባት ነው። የእሷ አያት።»

«ኦኬ። ታዲያ የቤተሰቡ ስም የቱ ነው?»

«የቤተሰብ ስም የለንም። ሁሉም የየራሱ አለው።»

እንደ መታዘብም እንደ ማዘንም አድርጋ አየችኝ። «ሃኒ፣ ኤርፖርት ላይ አባቷ ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ እንዳይሉት ኃይሉ ብዬ ልጻፈው» አለች። እሺ አልኩ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የባሌ አባት፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ምንም ሳይጠይቅ፣ የልጄ ወረቀት ላይ ገባ። ከዚያ «ፈርስት ኔምስ?» አለች። አባቴ የለመነኝ ያችን አንዷን ሳጥን ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ኤልያና አልኳት፣ ፊደሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። «ሶ ፕሪቲ» አለችና ሄደች። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም።

ማታ አባቴን ኮል አደረግሁና «አባባ፣ ካሳነሽ ተወለደች» አልኩት።

«ተመስገን» አለ። በማግሥቱ ተማሪው ሲወጣ ለእያንዳንዱ «ካሳነሽ ተወለደች» እያለ በሩን ከፈተ ብለው እህቶቼ ነገሩኝ። እኔ እዚህ ሰው እንዳይስቅብኝ የደበቅሁትን ስም እሱ እዚያ ለከተማው ሁሉ አወጀው።

ውሸት አንዴ ከጀመሩት ቀለብ ይፈልጋል። በቪዲዮ ስንደውል «ካሳነሽ፣ ካሳዬ፣ እስቲ ወዲህ እዪኝ» ይላታል። ሕፃን ሳለች ችግር አልነበረውም። አራት ዓመት ሲሞላት ግን ማንን እንደሚያናግር ስትፈልግ ዞር ዞር ብላ አየችና «ማሚ፣ ሁ ኢዝ ሂ ቶኪንግ ቱ?» አለች።

«ምን አለች?» አለ አባቴ፣ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ።

«ናፈቅኸኝ አለች» አልኩት።

በዚያ ሰሞን እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የሆም ኬር ሥራ፣ አዛውንትን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ፣ አገኘሁ። የማያቸው እትዬ ጽጌ ይባላሉ፤ ከአብዮቱ በኋላ የወጡ፣ የተማሩ፣ ቤታቸው በመጻሕፍት የተሞላ ሴትዮ ናቸው። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው፣ ጠበቃ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ አማርኛ የሚያደናቅፋት፣ አራስ ልጇን ይዛ መጣች።

«ስሟ ማነው?» አልኳት።

«አስካለ» አለችኝ፣ ለመጥራት እየታገለች፣ ግን ደረቷን ነፍታ። «የእማማ ጽጌ እናት ስም ነው። ኢዝንት ኢት ቢዩቲፉል?»

ቤት ውስጥ የነበሩት ሁሉ፣ ነጩ ባሏ ሳይቀር፣ አስካለ፣ አስካለ እያሉ ይጫወቱባታል። እኔ ሻይ ይዤ እንደቆምኩ ፊቴ ጋለ። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛቸውን ማንም አይጠራጠርባቸውም፣ ስለዚህ የቅድመ አያታቸውን ስም መልሰው ማንሳት አላስፈራቸውም። እኛ ትናንት የመጣነው ነን የምንሸሸው። ይህን ስል ራሴን ለማዳን እንዳይመስላችሁ፤ ከጓደኞቼ መሀል አያልነሽ የምትባል ልጅ ያላት አለች፣ ማንም አልነካትም። የፈራሁት እኔ ነኝ።

«ያንቺዋስ ማን ትባላለች?» አሉኝ እትዬ ጽጌ።

«ኤልያና።»

«ጥሩ ነው። ማን አወጣላት?»

«አባቴ» አልኳቸው። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ብቻ ወጣ።

«ይባረኩ። አባትሽን አንድ ቀን ብታመጪያቸው አገኛቸው ነበር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳስመጣው የሚጎተጉቱኝ እሳቸው ሆኑ። የጥሪ ደብዳቤውን እንግሊዝኛ ያረሙልኝም እሳቸው ናቸው። አባቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልቡ ደካማ ነው፣ ዘንድሮ ካላያት መቼ ያያታል? ደብዳቤው ላይ ልጄን ኤልያና ኃይሉን አያቷ ሊጎበኛት ይላል፤ የልደት ወረቀቷም ተያይዟል። አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም። ፖስታውን በኤምባሲው መስኮት ስጣቸው ብቻ አልኩት።

ብሩክ «ንገሪው» አለኝ። «ሁለት ስም አላት በይው፣ ማን ይሞታል?» እውነቱን ነው፣ ያ እንኳ ይበቃ ነበር። ለቪዛው ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ባደረበት ዋዜማ ደወልኩለት። አዲስ ኮት ተውሷል፣ ጫማውን አስጠርጓል።

«አባባ፣ ምናልባት ስም ከጠየቁህ...»

«ስም?» ብሎ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ስም ስጠራ የኖርኩ ሰው ስም ይጠፋኛል? አትስጊ።»

አልነገርኩትም። ምናልባት አይጠይቁትም አልኩ ለራሴ፣ ደግሞም ደስታውን ለምን ላበላሽበት አልኩ። ደስታውን ማበላሸት አሳዝኖኝ ሳይሆን መጋለጤን ፈርቼ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ለእትዬ ጽጌ አጥሚት ሳማስል ስልኬ ጮኸ።

«ከለከሉኝ» አለ አባቴ። ድምፁ የተቆጣ አልነበረም፣ ግራ የገባው ነበር። «አስተርጓሚዋ 'የልጅ ልጅዎ ስም ማነው' አለችኝ። ካሳነሽ አልኳት። ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠ አገላበጠና 'ኤልያናን ያውቋታል?' አስባለኝ። አላውቃትም አልኩ። 'እዚህ ያለችው ኤልያና ናት' አሉኝ። እንግዲያው ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው፣ የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ስሕተት አትሳሳትም ብዬ ተከራከርኳቸው። አንድ ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱኝ።»

ማማሰያውን አስቀመጥኩ።

«የሰው ዶሴ ከእኛ ጋር ቀላቅለውብሽ ነው» አለ። «እዚያው ያሉትን ጠይቂያቸው። የዚያች የኤልያና አያትም እንደኔው ተመልሶ ይሆናል እኮ፣ ምስኪን።»

አጥሚቱ እየገነፈለ ነበር፣ አጠፋሁት። «አባባ፣ ኤልያና የእኛዋ ናት» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቤቢ ሻወሩን፣ ሳቄን፣ ሆስፒታሏን ሴትዮ፣ ናፈቅኸኝ አለች ያልኩትን። እያለቀስኩ ስለነበር ምን ያህሉ እንደገባው አላውቅም።

የአዲስ አበባ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። መንገድ ላይ ቆሞ ነው።

«ጌታቸውን ጠልተሽው ነው?» አለኝ።

«ኧረ አይደለም አባባ። አፍሬ ነው።»

«በምን?»

በስሙ ልለው ነበር። ግን ስሙ የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ተውኩት። እሱም አልደገመልኝም። ቀስ ብሎ፣ እኔን እንዳያስደነግጠኝ የሚጠነቀቅ በሚመስል ድምፅ ሌላ ጠየቀኝ።

«በሰማንያ ቀኗ የነገርሽኝ የክርስትና ስሟስ? በየወሩ ለጸሎት የምሰጠው፣ ወለተ ኪዳን ያልሽኝ፣ እሱም ውሸት ነው?»

«እሱ እውነት ነው አባባ። ወለተ ኪዳን ናት። በልጄ ይሁንብኝ፣ እሱ እውነት ነው።»

«እንግዲያስ እግዜር ያውቃታል» አለ። «የማላውቃት እኔ ነኝ።»