ሰርጓን የሰጠችን ዘነበች

አላመንኩም። አሁን ይሄን ስጽፍ እንኳ አላመንኩም።

ጠዋት አዲሱ ገበያ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የዘነበች ልጅ ደወለችልኝ። «እትዬ አስቴር፣ እማዬ ወደ ጌታ ሄደች» አለችኝ። «የቷ እማዬ?» አልኳት። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ትናንት እኮ አብረን ነበርን። ጉልበቴን አመመኝ ስላት «አንቺ ድሮም ስንፍናሽ ነው» ብላ ስቃብኝ ነው የተለያየነው።

ብዙዎቻችሁ ዘነበችን የምታውቋት ጉለሌ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆማ ሰው እያቀፈች ስትቀበል ነው። ወጣቶቹ የማታውቁት ነገር ግን አለ። ሚዜዋ ነበርኩና ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ «ጴንጤ» ተብለን ቤተ ክርስቲያናችን ታሸገች። አዳራሹ የቀበሌ መጋዘን ሆነ። እኛም አራት አምስት እየሆንን በየቤቱ ተበተንን። ጸሎቱ በሹክሹክታ ነው። ስንዘምርም ከንፈራችን ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ከሁሉ የከበደን ግን መነፋፈቁ ነው። መንገድ ላይ ብንተያይ ሰላም ሳንባባል እንተላለፋለን። ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን በሕይወት እንዳለ አናውቅም።

በዚህ መሃል ዘነበችና ቦጋለ ሊጋቡ ሆነ። ሁለቱም የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጆች፣ ሁለቱም አብረውኝ የሚዘምሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጥቂት ሰው ባለበት በድብቅ ሊባርኳቸው አሰቡ። ዘነበች እምቢ አለች።

«ሰርግ አልተከለከለም አይደል? ዳስ ይጣል። ሁሉንም ጥሩልኝ።»

«ሁሉንም?» አላት ቦጋለ።

«የተበተነውን ሁሉ። ሙሽራ ማየት ወንጀል ነው እንዴ?»

አባቷ ኦርቶዶክስ ነበሩ። «ልጄ፣ በሰርግሽ ቀን እንዳትታሰሪብኝ» ብለው ለመኗት። ዳሱን ግን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ያቆሙት እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ከቁስቋም በኩል የወረደው፣ ከታች የመጣው ሰው በዝቶ ዳሱ ጠበበ። ሰዉ ሙሽራዋን ረስቶ እርስ በርሱ እየተቃቀፈ ያለቅሳል። ሞቷል የተባልነው ወንድም ኮፍያውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆሞ አየነው። ከበሮው ሲመታ መዝሙራችንን በሰርግ ምት ጮክ ብለን ዘመርነው። ከስንት ጊዜ በኋላ የራሴን ድምፅ ሰማሁ!

ከዚያማ ሰርጉ አላልቅ አለ። መልስ ተጠራ። ቅልቅል ተጠራ። ቀጥሎ ዘነበች «የሚዜዎች ግብዣ» የሚባል ነገር ፈጠረች። ደግሞ «የአክስቴ ጥሪ» አለች። በቃ፣ አክስት እኮ የላትም!

በዚያ «የአክስት ጥሪ» ላይ የቀበሌው ሰው ከአብዮት ጠባቂዎች ጋር ዘው ብሎ ገባ።

«ይሄ ሰርግ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለ። ወደ ዘነበች ዞረ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ሰርግ ነው ጸሎት?»

አጠገቧ ነበርኩ። በልቤ «ሰርግ ነው በይው፣ ሰርግ ነው በይው» እያልኩ ነው። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

«ሁለቱም ነው» አለች።

ቦጋለ ብድግ አለ። «የጠራኋቸው እኔ ነኝ። እሷን ተዋት።»

ወሰዱት።

ሙሽርነቷን ስንቅ በማመላለስ ጨረሰችው። አንድ ቀን ሳህኑን ይዘን ስንመለስ ንድድ ብሎኝ «ሰርግ ነው ብትይ ምን ነበረበት?» አልኳት።

«ያን ሁሉ ሰው ለጸሎት ጠርቼ፣ ጸሎት አይደለም ልበል?» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደፋር ነበረች ይላሉ፤ እኔ ስትፈራ አይቻታለሁ። እየፈራች ነው ያደረገችው።

ቦጋለ ክረምቱ ሲወጣ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ተፈታ። እኛም ከዚያ ወዲያ አልተጠፋፋንም። ማን የት እንዳለ አውቀናላ! የታመመ ተጠየቀ፤ የታሰረ ስንቅ ደረሰው። ደርግ ወድቆ አዳራሹ ሲመለስልን የጆንያ አቧራ ጠርገን የገባነው እነዚያ የዳሱ ሰዎች ነን።

«ሁለቱም ነው» ደግሞ የእሷ አባባል ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያ ልጇን ስትድር እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። «ምን ሆነሻል፣ ታለቅሻለሽ ትስቂያለሽ?» ስላት ያችኑ መለሰችልኝ።

ዘነብዬ፣ ከቤትሽ አሁን መመለሴ ነው። ቦጋለ ምሳ አልበላም ብሎ አስቸግሮ ነበር። ልጆችሽ ለመኑት፣ እምቢ አለ። አጠገቡ ተቀምጬ አጎረስኩት፤ ሁለት ጊዜ ጎረሰልኝ። ነገም እሄዳለሁ። አደራ ሳትዪኝ ሄደሻል፤ ሳትዪኝም አደራሽን ተቀብያለሁ።

አንቺ እረፊ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።