ዋርካው የነበረበት ሜዳ

መምህር ኑርሁሴን ከሚሴ ላይ ፊዚክስ ሲያስተምር ጠጉሩ ሸብቷል። ቁጣው እንደ ቦርከና ወንዝ ሙላት ነው፤ ድንገት ይመጣል፣ ድንገት ይጎድላል።

ያን ዕለት የሩቅ ኮከብ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚታጠፍ እያስረዳ ነበር። «ብርሃኑማ ቀጥ ብሎ የሄደ ነው የሚመስለው። የጎበጠው ቦታው ነው። ስለዚህ ኮከቡ ያለው እኛ በምናይበት በኩል አይደለም።»

ዓፊያ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እንደ ዋርካው ሜዳ ማለት ነው? ዋርካው ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፤ ሰዉም ከብቱም ግን እስከ ዛሬ ዞሮ ነው የሚያልፍ።»

«ልማድ ነው! እዚያ ምን አለ? ባዶ መሬት!» ብሎ ጮኸባት። የድሮ ሰዎች ዱዓ ሲያደርጉበት የኖሩት ዋርካ እንደነበር ግን ያውቃል።

ከትምህርት ቤት ሲወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እልህ ያዘውና ወደ ሜዳው ሄደ። ከማዶ የቆመውን የመስጊድ ሚናራ ዒላማ አድርጎ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ፣ ዓይኑን ከሚናራው ሳይነቅል መሃል ለመሃል ተሻገረ። ከዚያ ድል እንዳደረገ ሰው ፈገግ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ።

ጭቃው ላይ ከእሱ ጫማ በቀር የማንም ዱካ የለም። ዱካው እንደ ማጭድ ጎብጦ፣ ዋርካው የነበረበትን ቦታ ዞሮ መጥቷል።

«አስተግፊሩላህ» አለ። ተመልሶ ዞሮ ቀና ሲል ሚናራው በቦታው ቆሟል። ወዲያው የዚያው መስጊድ ሙአዚን የአስር ሶላትን አዛን አሰማ፤ ድምፁን ኑርሁሴን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

አዛኑ የመጣው ግን ሚናራው ከሚታይበት በኩል አልነበረም።