ኢዮቤልዩዋን የምትጠብቅ ኮምፒውተር

ገና ስላልተሠራ ዕቃ አፉን ሞልቶ የሚያወራ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ይህን ንቀት ያስተማረኝ አጎቴ ነው። አጎቴ ቡሬ ውስጥ የበቆሎ መጋዘን ያለው ነጋዴ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ደግሞ እኔ የምሠራባት አንዲት የጽሕፈት ሱቅ ነበረችው። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። የምተይብባት ኮምፒውተር አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ሲዘጋ አጎቴ በጨረታ ያነሳት ነበረች፤ ስክሪኗና ሆዷ አንድ ላይ የተሠራ፣ አናቷ ላይ መያዣ ያላት ትንሽ ነጭ ሣጥን። አሮጌ ናት፤ ግን አማርኛውንም ግዕዙንም አሳምራ ትጽፋለች። የዲስኬት መክተቻዋ ከተበላሸ ስለቆየ የተጻፈው ሁሉ እዚያው ሆዷ ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉም ደንበኞቼ የምወዳቸው የኔታን ነበር። ከከተማው ወጣ ባለ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው፤ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ቅኔ ለዕለቱ ይዘጋጃል፣ ይባላል፣ ያበቃል፤ ሁለተኛ አይደገምም። ስለዚህ የእርሳቸው የዕድሜ ልክ ሥራ በየደብሩ ተዘርቶ የቀረ ነው፤ ማንም በሙሉ አልጻፈውም። እርሳቸው ግን በእርጅናቸው ያስታወሱትን ሁሉ ሰብስበው ለደቀ መዛሙርታቸው ማስተማሪያ ሊተዉ ወሰኑ። ገበያ በማይውልበት ቀን ይመጡና አጠገቤ ተቀምጠው ይነግሩኛል፣ እኔ እተይባለሁ። ብራና ላይ የተሳሳተ ቃል በቢላ ይፋቃል፤ እዚህ ግን ጣት ሲነካው ምልክት ሳይተው ይጠፋል። ይህ ነገር እንደ ልጅ ያስደስታቸው ነበር። ያለቀውን እያተምን እናስቀምጥ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። ያላለቀ ሥራ ከቤት አይወጣም እያሉ እምቢ አሉኝ።

የአጎቴ ሚስት ወንድም ባሕር ዳር ይማር ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ ከኢንተርኔት ያሳተመውን የወረቀት ክምር ታቅፎ መጣ። የዚያች ኮምፒውተር ኢዮቤልዩ ተቃርቧል፣ ኩባንያው ልዩ የኢዮቤልዩ ምርት ሊያወጣ ነው፣ መልኳ እንደ ጥንቷ፣ ቀለሟ ወርቃማ ይሆናል አለ። ጥንቷን ሳይነካካ ላቆየ ሰው ደግሞ ኩባንያው ራሱ ፈልጎት መጥቶ በአዲሷ ይለውጥለታል አለ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ከኩባንያው የወጣ አንድ ቃል የለበትም። አንዱ ሥራ ፈት ወርቃማ ትሆናለች ብሎ ይገምታል፤ ሁለተኛው የለም ብርማ ናት ይላል፤ ሦስተኛው የሁለቱን ክርክር ማስረጃ አድርጎ መምጣቷ አይቀሬ ነው ይላል። ይህን ለአጎቴ ነገርኩት። እርሱ ግን ኢዮቤልዩ የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር የሚገባበት ጆሮ አልነበረውም።

ለፋሲካ ፈረስ ቤት ከተማ እናቴ ዘንድ ሰንብቼ ስመለስ ጠረጴዛዬ ባዶ ነው። አጎቴ ኮምፒውተሯን ቡሬ ወስዷታል። የሚፈልጉት ያልተነካችውን ነው አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። ያልተነካች! እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የቀጠቀጥኳት፣ የፊደሎቿ ቀለም በጣቴ የለቀቀ ኮምፒውተር። የየኔታ ቅኔ ውስጧ እንዳለ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ከፍቼ ላትመው ብዬ ብለምነው፣ ከእንግዲህ ከበራች ዋጋዋ ይወድቃል ብሎ ዘጋኝ። ለሥራዬ የድሮውን የታይፕ መኪና ከዕቃ ቤት አውጥቶ ሰጠኝ።

ለየኔታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ኢዮቤልዩዋ እስኪደርስ ተቀምጣለች አልኳቸው።

“የማን ኢዮቤልዩ?” አሉኝ።

“የኮምፒውተሯ፣ የኔታ።”

“እኔን እስከዚያ ያቆየኝ ይሆን፣ ልጄ?” አሉ።

እንደገና በወረቀት እንጀምር አልኳቸውና ሞከርን። የአንዱን ስንኝ ግማሽ ይሉና የቀረው ይጠፋባቸዋል። አንዴ ተናግሬ አውጥቼዋለሁ፣ አልመለስ አለኝ አሉ። ከዚያ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌ የሚላከው በትልቅ ጠብ ነው፤ በኮምፒውተር ጉዳይ ሲላክ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሦስት አባቶች መቋሚያቸውን ይዘው ቡሬ ድረስ ሄዱ። አጎቴ ጠላ ቀድቶ፣ ጉልበት ስሞ አስተናገዳቸው። ለየኔታ ነፍሱንም ቢሆን እንደማይሰስት ነገራቸውና ኢዮቤልዩው እስኪያልፍ ብቻ ታገሡኝ አለ። ሽማግሎቹ መርቀውት ተመለሱ። የኔታ በሐምሌ ዐረፉ።

በአርባቸው ተዝካር ላይ አጎቴ ከዳሱ መሐል ተነሣ። ጋቢውን አስተካክሎ፣ “የየኔታ ቅኔ አልጠፋም፤ እኔ ቤት በክብር ተቀምጧል” አለ። ካህናቱ እግዜር ይስጥልን አሉት። እኔ ወጥቼ ከዳሱ ጀርባ አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር።

ኢዮቤልዩው ደረሰ፣ አለፈ። ወርቃማም ብርማም አልወጣም፤ ፈልጎ የመጣም የለም። ተማሪው፣ ያንን ወረቀት ታቅፎ እንዳልመጣ ሁሉ፣ ኩባንያው ነገሩን ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ አሸጋግሮት ይሆናል አለ። አጎቴ አኩርፎ ሰነበተና በመጨረሻ ክፈቻት አለኝ። ቡሬ ወረድኩ። መጋዘን ውስጥ፣ በቆሎ መሐል፣ ማዳበሪያ ጆንያ ለብሳ አገኘኋት። ለአጎቴ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ እህል ነው፤ የእህል ጠላት ደግሞ ነቀዝ ነው። ስለዚህ እህል የሚጠበቅበትን፣ መርዛም ጭስ የሚያወጣውን የነቀዝ ክኒን ከእርሷ ጋር ጆንያ ውስጥ ከቶ አፉን ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ውድ ዕቃ ስለሆነች ከበቆሎው አብልጦ ጨምሮላታል፤ ይህንንም በኩራት ነው የነገረኝ።

ቁልፏን ተጫንኩ። ምንም የለም። ከአጎቴ ጋር ባሕር ዳር ወስደን አንድ ጠጋኝ ዘንድ አስከፈትናት። ውስጧ ያለው መዳብ ሁሉ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ቦታ አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ አውጥቷል። ክኒኑ አብሯት ጆንያ ውስጥ እንደነበር ለሰውየው ስነግረው፣ ጭሱ ነቀዝ ብቻ ሳይሆን መዳብም ይበላል፣ ጽሑፉን የያዘውን ክፍል ሳይቀር ገድሎታል አለ። ከሌላ እንደ እርሷ ካለች ማሽን ዕቃ ካልተገኘ ምንም ማድረግ እንደማይቻልም ነገረን። እንዲህ ያለች ሌላ ደግሞ በዚህ አገር አይቶ አያውቅም።

እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የየኔታ ድምፅ ነበር በጆሮዬ የሚሰማኝ። አጎቴ ግን ፊቱ ሲፈካ አየሁት።

“እንግዲያስ በአገሩ ያለችው የእኛ ብቻ ናታ” አለ።

ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሳ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ትቀመጣለች። ቀጣዩን ኢዮቤልዩ ትጠብቃለች። የየኔታ ደቀ መዛሙርት የመምህራቸውን ቅኔ ፍለጋ ከየደብሩ እየመጡ ይጠይቁታል። እርሱም ዳንቴሉን በጥንቃቄ ገለጥ አድርጎ፣ “እዚህ ውስጥ ነው” ይላቸዋል።

እውነቱን ነው። እዚያ ውስጥ ነው።