የሐጂ አደም ቤንዚን

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ለዓመታት የቆመች መኪናውን ሊያስነሣ የነዳጇን ክዳን ሲከፍት፣ ሽታው አጥር ተሻግሮ ቁርሴ ላይ ደረሰ። የከረመ ቤንዚን አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ቤንዚን ቤንዚን አይልም፤ የኮመጠጠ ቀለም ነው የሚሸተው። ማንዳዚዬን፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦዬን፣ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላዋን ሴት የሠርጓን ቀን የሚያስታውሳት ሽቶ ነው፤ እኔን ግን ይኼ ነው።

ሊያገባኝ የነበረው ኑረዲን የሐጂ አደም ልጅ ነው። ሐጂ ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ትልቅ ሱቅ የነበራቸው፣ ምክር የሚባል ነገር የማይገባቸው ሰው ነበሩ። ከሱቁ ጀርባ አንድ ፔጆ በሸራ ተሸፍና ለዓመታት ቆማለች። “የእኔ ምራት በሰው መኪና አትመጣም” ብለው እሷኑ አስወለወሉ። ያየ ሁሉ፣ አሮጌው ቤንዚን ተቀድቶ ይውጣ፣ ቱቦውና ካርቡራተሩ ይታጠብ አላቸው።

“ንጹሕ የኢትዮጵያ ቤንዚን ነው!” አሉ ሐጂ። “ቅቤ ሲከርም መድኃኒት ይሆን የለም እንዴ?”

እኛ ዘንድ የከረመ ቅቤ ለሳል ይሰጣል፤ እውነት ነው። ቤንዚን ግን ከላም አይታለብም። ሐጂ አዲሱን በአሮጌው ላይ አስጨመሩና ነገሩን ዘጉት።

መኪናዋ በምን ተአምር እንደሆነ እንጃ፣ ተነሥታ እኛ መንደር ቡቲዬ ድረስ መጣች፤ ሐጂ ከፊት፣ እኔና ኑረዲን ከኋላ ተቀምጠን፣ ሽማግሌዎች በእግር እያጀቡን ከአባቴ ቤት ወሰደችኝ። ዝናብ ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር አቧራው ቬሌን ቀይ አደረገው። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ተንተፋተፈችና ቆመች። ሾፌሩ ቱቦውን ነቅሎ በአፉ ሳበና ሻይ የመሰለ ነገር ተፋ።

“ፖሌ ሐጂ፣ ይቅርታ፣ ቤንዚኑ ሞቷል።”

“ቤንዚን አይሞትም! ግፉ!”

ሽማግሌዎቹ ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገፉ። መንገድ ዳር ፍየሎች ቆመው ያዩን ነበር። ከሁላችንም አስተዋዮቹ እነሱ ይመስሉኛል። ኑረዲን አጠገቤ ላቡን እየጠረገ ነው።

“ጠዋት እኮ ሸትቶኝ ነበር” አለኝ በሹክሹክታ።

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“አባባ ይቀየማሉ።”

ኒካሑ የሚታሰረው እሳቸው ቤት ስለነበር ገና አልታሰረም። ከዚህ ሰው ጎን ዕድሜዬን ሙሉ ስቀመጥ፣ የተበላሸው ነገር ሲሸተን፣ ሁለታችንም ዝም ስንል ታየኝ። ናቅኩት። ጥላቻ ውሎ አድሮ ይበርዳል፤ ንቀት ግን አይበርድም። በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

“ሙሽራ በእግሯ አትሄድም!” ብለው ጮኹ ሐጂ።

ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ደግሞ ቁልቁለት ነበር።

“በቤንዚን ምክንያት ሰው ትዳር ያፈርሳል?” የሚሉኝ ዛሬም አሉ። ይበሉ። ኋላ ያገባሁት ሰው ምላሱ ስል ነው፤ ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ገበያው ይሰማ ነበር። አሁንም፣ በዚህ ዕድሜያችን፣ እንግዳ ፊት “ወተቱ ተበላሽቷል” ይለኛል። ደሜ ይፈላል። ጓዳ ገብቼ አሸትተዋለሁ። ተበላሽቷል።